ታናሽ ታላቁን ሲቀድም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ከሌሎች ሕፃናት ጋር የተለየ እንክብካቤ የሚሻ ልጅ በሚያድግበት ቤት ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ እንዴት ይኑር የሚል ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ጥያቄዎችን ስለያዘ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጹ ዝርዝሮችን አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው 5 ዓመት ሞልቶታል፤ ትንሹ ገና 11 ወሩ ነው። መካከለኛው ሲወለድ ምጤ ረዝሞ ስለነበር ወዲያው አላለቀሰም፤ በኦክስጅን ተረድቶ ነው የተረፈው። ኋላ ላይ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል በመጎዳቱ ሰውነት እንደልብ አለመታዘዝ) እንዳለበት ነገሩን። ደግፈን ካልያዝነው አይቀመጥም፤ ቃልም አያወጣም፤ ነገር ግን ስንስቅ ይስቃል፤ አባቱ በሩን ሲያንኳኳ ዓይኑ ወዲያው ወደ በሩ ይዞራል። አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ስለሚነሣበት ጠዋትና ማታ መድኃኒት ይወስዳል።

ሰሞኑን ትንሹ ልጄ ሶፋ ይዞ መቆም ጀመረ። ጎረቤቶቼ እልል ሲሉ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ትልቋ ደግሞ ጓደኞቿን ወደ ቤት ማምጣት ትታለች። ወንድሟን ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ እኔ ሳመሽ ከሠራተኛዋ ጋር ሆና ትጠብቀዋለች፤ ሰው ሁሉ «ትንሿ እናት» እያለ ያመሰግናታል። በቅርቡ ግን ልትተኛ ስትል «አንቺ እርጉዝ ሳለሽ ሆድሽ ላይ ስለዘለልኩ ነው እንዴ እንዲህ የሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።

አማቴ ልጁን ራቅ ወዳለ ጸበል ወስደው ለሁለት ሳምንት ሊያስጠምቁት ይፈልጋሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መድኃኒቱ መቋረጥ አለበት ይላሉ። ባለቤቴ በእናቱና በእኔ መካከል ሆኖ ዝም ብሏል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጁ እየከበደ ስለመጣ ወገቤ አልቻለም፤ ለሳምንታት ፀሐይ ሳያይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ሥራዬን ልተው ወይ? ልጄስ አንድ ቀን ይሄዳል ወይ? ለትልቋስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤዎ ከያዛቸው ጉዳዮች ሁለቱ ቀጠሮ የማይሰጣቸው ናቸው፤ አንዱ የመካከለኛው ልጅዎ መድኃኒት፣ ሌላው የትልቋ ልጅዎ ጥያቄ። የቀሩት ጊዜ ቢወስዱም ይደረስባቸዋል።

መድኃኒቱ ሐኪሙ ሳያዝ ለአንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲተው በመድኃኒቱ ታግዶ የቆየው ሕመም በርትቶ ሊመለስና ልጁን ሳያባራ ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል፤ እንዲህ ያለው የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሕይወት ያሳጣል፤ ልጁ ቢተርፍም በአንጎሉ ላይ ሌላ ጉዳት ሊጨምር ይችላል። ይህን ስንል አማትዎ ለልጅ ልጃቸው ያላቸውን ፍቅርና እምነት ማቃለላችን አይደለም። በእንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ይተዉ በነበረበት ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በእርስዎና በአማትዎ መካከል እንዳይሆን ባለቤትዎ እናታቸውን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ቢሄዱና መድኃኒት ሳይቋረጥ መጠመቅ ይቻል እንደሆነ ቢጠይቁ ይሻላል። እናትን ማሳመን የልጅ ድርሻ ነው፤ ምራት ስትሞክረው ጉዳዩ ከልጁ ጤና ወጥቶ ወደ ሁለቱ ሴቶች ግንኙነት ይዞራል። ጸበሉ በአቅራቢያችሁ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ቢሰጥ፣ ልጁም ከውኃው እንደወጣ ወዲያው ደርቆ ቢጠቀለል (ቅዝቃዜ ጡንቻውን ይበልጥ ያኮማትረዋልና) አማትዎም ጸሎታቸውን አያጡም፤ ልጁም አይጎዳም።

ሕመሙ በሚነሣበት ጊዜ የሚደረገውን ደግሞ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ሠራተኛዋም አማትዎም ጭምር። ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሰዓት ማየት ነው። በአፉ ማንኪያም ሆነ ጣት አይገባም፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ምንም አይጠቅመውም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ልጁ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ትልቋ ልጅዎ እንምጣ። ወንድሟ ሲወለድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን በዙሪያው የሚሆነው ነገር ሁሉ በእሱ ምክንያት የመጣ ይመስለዋል፤ የሚነግረው ሰው ካጣ ደግሞ ያንኑ ጥፋተኝነት ይዞ ያድጋል። ልጅዎ ይህን ሐሳብ ምናልባት ለዓመታት ተሸክማው ኖራለች፤ አሁን አውጥታ መናገሯ ለእርስዎ ያላትን እምነት የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ሳይዘገዩ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ አጠገብዎ አስቀምጠው እንዲህ ቢሏት መልካም ነው፦ «ባለፈው የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ። አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም፤ ሆዴ ላይ መዝለልሽ ወንድምሽን አልጎዳውም። ሲወለድ ለትንሽ ጊዜ አየር ወደ አንጎሉ በበቂ ሁኔታ አልደረሰም። እጅና እግርን የሚያዘው የአንጎሉ ክፍል ስለተጎዳ ሰውነቱ እንደፈለገው አይታዘዝለትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አንቺንም ትንሹንም አይዛችሁም። ሐኪሞች እንዲጠነክር ይረዱታል እንጂ ሙሉ በሙሉ ሊያድኑት አይችሉም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለመናገር እንደሚከብድዎ እናውቃለን፤ ነገር ግን «ይድናል፣ ጸልዪ» ብቻ ከተባለች ሳይድን በቀረ ቁጥር ጸሎቷ ያነሰ እየመሰላት ሌላ ጥፋተኝነት ትሸከማለች።

እግረ መንገዳችንን ለእርስዎም አንድ ነገር እንበል። ሴሬብራል ፓልሲ በምጥ ጊዜ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በብዙ ሕፃናት ላይ ምክንያቱ ከመወለዳቸው በፊት የሚጀምር ነው፤ ያለ ጊዜ መወለድ፣ በእርግዝና ወቅት የሚያጋጥም ኢንፌክሽን፣ ከተወለዱ በኋላ የሚበረታ የቢጫነት ሕመምና ማጅራት ገትርም ያስከትሉታል። እርግማን ወይም የሰው ዓይን ያመጣው ነገር አይደለም፤ እናት ቶሎ ባለማማጧ የመጣም አይደለም። ልጅዎን ከጥፋተኝነት ነፃ በሚያወጡበት ማታ ራስዎንም ነፃ ያውጡ።

«ትንሿ እናት» የሚለው ምስጋና ያሳስበናል። በአገራችን ትልቅ ሴት ልጅ ታናናሾቿን አዝላና አብልታ ማሳደጓ የቆየ ልማድ ነው፤ በመጠኑ ሲሆንም ልጅን ኀላፊነት ያስተምራል። በእርስዎ ቤት ያለው ግን ከመጠን ያለፈ ይመስለናል። የ8 ዓመት ልጅ የምትመሰገነው ለወንድሟ በምትሠራው ብቻ ከሆነ ለመወደድ ሌላ መንገድ የሌላት ይመስላታል፤ ሲደክማት አትናገርም፤ ስታፍርበትም በማፈሯ ራሷን ትጠላለች። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ዘመድ ሊያጽናና ሲመጣ «እናትና አባቱ ሲያልፉ እናቱ አንቺ ነሽ» የሚላት ነገር ነው። ይህን የሚል ሰው ካለ በፊቷ አስቁሙልን፤ በ8 ዓመቷ የሌላውን ሰው ዕድሜ ልክ እንድትሸከም ልትጠየቅ አይገባም።

በተግባር ማጉረስንና ማጠብን ከእሷ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ማጉረሱን የምናነሣው ስለ እሷ ብቻ አይደለም። የመዋጥ ችግር ያለበት ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባበት ስለሚችል የሚያጎርሰው ትልቅ ሰው መሆን አለበት፤ ልጁ ቀና ብሎ፣ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ቀርቦ፣ ምግቡም ወፈር ብሎ በትንሽ በትንሹ፣ የመጀመሪያው መዋጡ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው ሳይከተል ይመገባል፤ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛም። ለትልቋ ግን ከወንድሟ ጋር ደስ የሚላትን አንድ ነገር ራሷ እንድትመርጥ ይተዉላት፤ ተረት ማንበብ ሊሆን ይችላል፣ መዝሙር ማሰማት ሊሆን ይችላል፤ ባልፈለገች ቀን ብትተወው አትወቀስ። ከእርስዎ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት የታወቀ ሰዓትም ያስፈልጋታል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁ ብቻ ወደ ሱቅ የምትሄዱበት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ዋናው ነገር መንገድ ላይ የሚወራው ስለ ወንድሟ አለመሆኑና በማንኛውም ምክንያት አለመሰረዙ ነው።

ጓደኞቿን ማምጣት የተወችው የሚጠይቋትን መመለስ ስላልቻለች ሊሆን ይችላል። አጭር መልስ አብራችሁ አዘጋጁ፤ «ወንድሜ ጡንቻው አይታዘዝለትም፤ መናገር አይችልም እንጂ ይሰማል፤ ሰላም በሉት» ብትል ይበቃታል። ሕፃናት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይሹም፤ ሰላም ብለው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ስለ ትንሹ ልጅዎ መቆም የጻፉት በብዙ እናቶች ላይ የሚደርስ ነው። ታናሽ ታላቁን ሲቀድም ወላጅ በታላቁ ላይ ያልሆነውን ሁሉ እንደ አዲስ ያያል፤ ያ ኀዘን ለትንሹ ያለዎትን ደስታ አይሽረውም፤ አልቅሰው ሲያበቁ ተመልሰው ቢያጨበጭቡለት ለሕፃኑ የሚጎድልበት የለም። መካከለኛው ልጅም ከወንድሙ ደስታ እንዳይጎድል እንፈልጋለን። ሕፃኑ ወለል ላይ ሲድህ ታላቁ አልጋ ላይ ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ከሆነ ሁለቱ አይተዋወቁም። አንድ የሠፈር አናጢ ጀርባውና ጎኑ የተደገፈ፣ በጭኖቹ መካከል መለያ ያለው፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ዝቅተኛ ወንበር ሊሠራለት ይችላል፤ ልኩን ግን ፊዚዮቴራፒስቱ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ቢወስድ ይመረጣል። ያን ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሕፃኑም ወንድሙ ምን እንደሚያስቀው ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም።

ይሄዳል ወይ ላሉት፣ ልጁን ሳናየው ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አንችልም፤ ይሁን እንጂ እውነቱን ከመሸፋፈን ሐኪሞች የሚያዩትን ምልክት ብንነግርዎ ይሻላል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከቻለ ብዙውን ጊዜ ይሄዳል፤ በአምስት ዓመቱም ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ ልጅ ግን ብቻውን የመሄድ ዕድሉ ጠባብ ነው። ከዚህ በኋላ ድካማችሁ ሁሉ በመሄዱ ላይ ቢውል ሌሎች የሚገኙ ነገሮች ያመልጣሉ። የተለያዩ አገሮችን መረጃ ያሰባሰቡ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከሦስት አንዱ አይሄድም፤ ከአራት አንዱ አይናገርም፤ ከአራት አንዱ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ከአራት ሦስቱ ሕመም ይሰማቸዋል፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። የአባቱን ማንኳኳት ለይቶ ዓይኑን ወደ በሩ የሚያዞር ልጅ ነገር ይገባዋል። ስለዚህ «አዎ» እና «አይ» የሚልበት ምልክት ፈልጉለት፤ ወደ ላይ ማየት አዎ፣ ዓይንን መጨፈን አይ ሊሆን ይችላል። ውኃና ወተት፣ ቀይ ሹራብና ሰማያዊ ሹራብ ግራና ቀኝ ይዘው የቱን እንደሚፈልግ ይጠይቁት፤ በዓይኑ እስኪመርጥም ይታገሡት፤ መልሱ እንደ ሌላው ልጅ ቶሎ ላይመጣ ይችላል። ይህን የምታስተምረው ትልቋ እንዳትሆን ግን አደራ፤ እሷ የምትጫወትበት እንጂ የምትሠራው ሥራ አይሁን።

ሕመም የሚሰማቸው ብዙ መሆናቸውን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። መናገር የማይችል ልጅ ሌሊት ሲነጫነጭ «ዐመሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዳሌው ነው። ከሦስት ልጆች በአንዱ ላይ የዳሌ አጥንት ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል፤ በተለይ በማይሄዱት ላይ። ስለዚህ የዳሌ ራጅ በየጊዜው እንዲነሣ ሐኪሙን ይጠይቁ። ለዚህና ለጡንቻ መኮማተር ክትትል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናትና የአጥንት ክፍሎች አሉ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናትን የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይሰጣል፤ ቼሻየር ኢትዮጵያም የአካል ድጋፍ መሣሪያዎችን በማቅረብ የቆየ ድርጅት ነው። እግሮቹን ከፈት አድርጎ በጀርባ ማዘል ለዳሌው መልካም ነው፤ ለእርስዎ ወገብ ግን አይደለም። ስለዚህ ከአራተኛ ፎቅ ማውረዱና ማውጣቱ የአባቱ ሥራ ይሁን፤ የዘወትር እንቅስቃሴውንም ማታ ማታ አባቱ ቢያሠራው ዝምታቸው በሥራ ይፈታል ብለን እናምናለን። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ አከራይታችሁ ምድር ቤት መከራየትን አስቡበት፤ ልጁ ፀሐይ የሚያየውና ከሰው የሚገናኘው ያን ጊዜ ነው።

ሥራዎን አይተዉ እንላለን። የመድኃኒትና የትራንስፖርት ወጪው እያደገ ነው የሚሄደው፤ ከቤት ወጥተው ከሰው ጋር የሚውሉበት ሰዓትም ለእርስዎ ያስፈልግዎታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ ትንሹን በመሥሪያ ቤትዎ ማቆያ ማዋል ከቻሉ ሠራተኛዋ ለመካከለኛው ብቻ ትሆናለች።

ትምህርት ቤትን በደብዳቤዎ አላነሡም፤ እኛ ግን እናነሣለን፤ ልጁ ዕድሜው ደርሷል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የወረዳችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ አግኝተው የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይጠይቁ። አንዱ ትምህርት ቤት «አንችልም» ቢልዎ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ለጽሕፈት ቤቱ ያቅርቡት።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ5 ወር ሆኖታል። አይናገርም፤ በስሙ ስንጠራው አይዞርም፤ የመኪና ጎማ እያሽከረከረ ይውላል። የ6 ወር ሴት ልጅም አለችን። የልጆች ሐኪሙ ለኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን ለሚያውክ የዕድገት ችግር) እንዲመረመር አዝዞልናል። ወዳጆቻችን «ሁለት ቋንቋ ተቀላቅሎበት ነው፣ አማርኛውን ተዉት» ይሉናል፤ ባለቤቴ ደግሞ ክትባቱ ነው ብላ ስለምታምን ትንሿን ማስከተብ ፈርታለች። ቢመረመር በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ ወደፊት ይጎዳዋል ብለንም እንሰጋለን።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ምርመራውን አታቆዩት። በአሜሪካ ሕግ ልጅዎ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የቅድመ ሕፃንነት ድጋፍ ፕሮግራም ውስጥ የመታቀፍ መብት አለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» ይባላል። የሐኪም ማዘዣ ባይኖራችሁም እናንተው ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ካመለከታችሁ ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ግምገማው ተጠናቆ የድጋፍ ዕቅድ የሚወጣበት ስብሰባ መደረግ አለበት፤ ግምገማው ክፍያ የለውም፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። ለልጅዎ የቀረው 7 ወር ብቻ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ቢደውሉ ይመረጣል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ኀላፊነቱ ብዙውን ጊዜ ወደ አካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። መዝገቡ በመሠረቱ ያለ ፈቃዳችሁ ለሌላ አይሰጥም፤ አገልግሎቱንም በፈለጋችሁ ጊዜ ማቆም ትችላላችሁ። ልጁን የሚጎዳው በመዝገብ መጻፉ ሳይሆን እርዳታው የሚበጅበት ዕድሜ ማለፉ ነው።

አማርኛውን አትተዉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፤ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆችም ከንግግር እንደማያዘገያቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ወላጅ በልቡ ቋንቋ ሲያወራ ይበልጥ ያወራል፤ ያጫውታል፤ ያባብላል። በተሰበረ እንግሊዝኛ ጥቂት ቃል ብቻ የሚሰማ ልጅ ግን ከሁለቱም ይጎድላል፤ አያቱም በስልክ ሊያነጋግሩት አይችሉም። ኦቲዝም ካለበት ልጇ ጋር ከአሜሪካ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው ዘሚ የኑስ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያለችውን የማስተማሪያ ዘዴ ከፊደላችን ድምፅ ተነሥታ ነው ያዘጋጀችው።

ክትባቱን በተመለከተ ለባለቤትዎ ፍርሃት በቁጣ አይመልሱላት፤ ከየት እንደመጣ ያስረዷት። እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው ጽሑፍ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር፤ በ2010 ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት ራሱ ሽሮታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም። ትንሿ ክትባቷን በጊዜው ትውሰድ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ታናሽ ከአምስት አንድ ያህል ተመሳሳይ ዕድል ስላለው ግን ሐኪሟ ስለ ወንድሟ ይወቅ፤ ዓመት ሲሞላት በስሟ ስትጠራ ትዞራለች ወይ፣ የምትፈልገውን በጣቷ ታመለክታለች ወይ የሚለውን ልብ በሉ። እስከዚያው እንደ ማንኛውም ሕፃን ያጫውቷት፤ ቀኑን ሙሉ በፈታኝ ዓይን የምትታይ ልጅ አትሁን።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ በቅርቡ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ዳውን ሲንድረም (ከመወለድ በፊት ጀምሮ ያለ፣ ዕድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) እንዳለባት ሰምተናል። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ አይዞሽ እያለ ግራ ገብቶት መሄድ አቁሟል። የ4 ዓመት ልጄ ደግሞ ሕፃኗን ካላየሁ እያለች ታስቸግረኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለማንኛዋም አራስ የሚባለውን ይበሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ይግቡ፤ ገንፎውን ይብሉ፤ ሕፃኗን ይቀፉ፤ ስሟ ማን እንደተባለ ይጠይቁ። ሰው መቅረቱ ለእናቲቱ ከምርመራው ውጤት ይልቅ ሊከብዳት ይችላል። እሷ ካላነሣችው ስለ ሕመም አያንሡ፤ ካነሣችው ግን ወሬ አይለውጡ፤ «እግዚአብሔር ለሚችለው ነው የሚሰጠው» የሚለውም ይቅር፤ በዚያ ሰዓት የሚያጽናና አይደለም።

ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ የልብ አልትራሳውንድ ገና በአራስነት መደረግ አለበት፤ ጡንቻቸው ልል ስለሚሆንም ጡት ሲይዙ ይደክማቸዋል፤ እናቲቱም ወተቷ ያነሰ ይመስላታል። «ሆስፒታል የምትሄጂ ቀን ትልቁን ልጅሽን እኔ አውለዋለሁ» ቢሏት፣ ወይም ጡት ስታጠባ አጠገቧ ቢቀመጡላት ይጠቅማታል። ልጅዎንም ይዘዋት ይሂዱ፤ እጇን ታጥባ ትግባ፤ ስለ ሕፃኗ መልክ የምትጠይቀው ነገር ካለም አፏን አይያዟት፤ «ስትወለድ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታድገው፤ ስትጠነክር አብራችሁ ትጫወታላችሁ» ብለው ይመልሱላት።